ከርከሮ ተንበርክኮ የለካው ኩሬ

በሁለት ተራራ መካከል፣ ሰው ያልደረሰበት አንድ ሸለቆ ነበረ። ሸለቆው ንጉሥ ነበረው፤ አንበሳ። አጋፋሪ ነበረው፤ ቀበሮ። በየሰኞው ጧት ከኩሬው ዳር የሚቀመጥ ሸንጎም ነበረው። ሕግም አልጎደለውም፤ ሕጉን አጥርቶ የሚያውቀው ግን አጋፋሪው ብቻ ስለነበረ ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ የሚወደደው የወሬ ሕግ ነው። በሸንጎ ፊት የሚናገር ሁሉ አፉን በ«የምሥራች» መክፈት አለበት። ተሰብሳቢውም «ምሥር ብላ» ብሎ ይመልስለታል። ክፉ ወሬ የያዘ እንደሆነ ወሬውን ሦስት ቀን ቤቱ አሳድሮ፣ አብስሎ ያመጣዋል። ጥሬ ወሬ ሆድ ይነፋል ይል ነበር ቀበሮ። ሦስት ቀን ያደረ ክፉ ወሬ ደግሞ ወይ ይረሳል፣ ወይ የሚመለከተው ሞቶ ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ሸለቆ ለብዙ ዘመን ክፉ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

አንበሳው ክፉ አልነበረም፤ ሐቁ መነገር አለበት። በወጣትነቱ አንድ የድርቅ ዓመት ሁሉም ልሂድ ልሂድ ሲል፣ የሚለው ቢያጣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ዛሬ ይዘንባል» አለ። ዘነበ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደመና የሚሰበሰበው እሱ ተስፋ ሲያደርግ ይመስለው ጀመር። ዝናቡ ቀድሞውኑ መንገድ ላይ እንደነበረ ማንም አልነገረው። በ«የምሥራች» ተጀምሮ የሚነገር ነገር አይደለማ።

አባትየው አንበሳ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ሲሞት አንድ ትእዛዝ ትቷል። ኩሬው መካከል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ በየሰኞው ከርከሮ እሷ ላይ ይቁም። ውሃው ከከርከሮ ደረት ዝቅ ያለ ቀን ሸለቆው ሁሉ ተነስቶ ወደ ትልቁ ወንዝ ይሂድ። ወንዙ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ በመንገዱ ጠብታ ውሃ የለም። ስለዚህ ጥጃው ሁሉ በደንብ ጠጥቶ፣ ጉልበቱ ሳይከዳው መነሳት አለበት። ሁለት ሦስት ሳምንት የዘገየ፣ ትልልቁን ያደርስ ይሆናል፤ ትንንሹን ግን አያደርስም።

ለምን ከርከሮ ተመረጠ ቢባል፣ በጸሎተኛነቱ ነው። ከርከሮ ሲግጥ በፊት እግሮቹ ይንበረከካል። አንገቱ አጭር ስለሆነ አፉ መሬት አይደርስለትም። የሸለቆው አራዊት ግን ጧትም ቀትርም ተንበርክኮ ሲያዩት፣ እንዲህ ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ የለም አሉ። አያ ከርከሮም በመጀመሪያ፣ ኧረ እኔ ሣር እየበላሁ ነው ይል ነበር። ትሕትናው ነው አሉ። በኋላ ተወው። እውነቱን ለመናገር ይጸልይም ነበር፤ ጸሎቱ ግን «ጌታ ሆይ ሣሩን አታሳጣኝ» የምትል አጭር ነገር ናት፣ እሷንም አፉ ሞልቶ ነው የሚላት። ብቻውን ሲሆን በራሱ ይስቃል። ሌላው በጾም በስግደት ያላገኘውን ስም እኔ በአንገት እጥረት አገኘሁት ይላል።

የዚያን ዓመት በልጉ ቀረ። ደመናው በተራራው ጫፍ ይመጣል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ደጃፍ ደርሶ እንደተቀየመ እንግዳ ሳይገባ ይመለሳል። የኩሬው ዳር ዳር መሰንጠቅ ጀመረ።

አንድ ሰኞ አያ ከርከሮ እንደ ልማዱ ገብቶ ድንጋይዋ ላይ ቆመ። ውሃው ደረቱን አልነካውም። የጎደለው አንድ ጣት ቢሆን ነው፤ ግን ጎድሏል። ቀና ብሎ ሸንጎውን አየ። የአንበሳው ፊት ላይ ያ የታወቀው ብርሃን አለ። ዝንጀሮዎቹ «ምሥር ብላ» ለማለት አፋቸውን ከወዲሁ ከፍተዋል። ከርከሮ ነገሩን አፉ ውስጥ አገላበጠው። የምሥራች፣ ውሃው አለቀ ይባላል? የምሥራች፣ ልንሰደድ ነው ይባላል?

ፈጣሪ ብርታት እንዲሰጠው ሊለምን ተንበረከከ። ይኸን ያደረገው ከልቡ ነው። «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን እንድናገር እርዳኝ» አለ። በዚያው ቅጽበት ቀዝቃዛ ነገር ደረቱን ነካው። ውሃው ነው።

«የምሥራች» አለ፤ «ውሃው ደረቴን ነክቶታል።»

«ምሥር ብላ» አለ ሸለቆው በአንድ አፍ።

ውሸት አልተናገረም። ከኩሬው ሲወጣ ደረቱ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ የፈለገ መጥቶ መዳሰስ ይችላል። ንጉሡም ደስ ስላለው ምሥሩን የአፍ ብቻ አላደረገውም፤ ከገደሉ ሥር ያለችውን፣ ሥራ ሥሯ ወፍራምና ውሃ ያዘለውን መሬት ለሱና ለልጆቹ ሰጠው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ጠበቀችው።

«ቆመህ ነው ተንበርክከህ?» አለችው።

«ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ስለ ጸሎትህ አልጠየቅሁህም።»

አንድ ሥር ቆፍሮ ጎረሰ። ሥሩ ይጣፍጥ ነበር። ያስቸገረውም ይኸው ነው። መራራ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ንስሐ ይገባ ነበር።

በሁለተኛው ሰኞ እመት ኤሊ ቃል ይሰጠኝ አለች። ኤሊ የሸለቆው አሮጊት ናት። ኩሬው ይደርቃል ስትል አርባ ዓመት ኖራለች፤ ዝናቡ በበዛበት ዓመት ደግሞ ጎርፍ ይጨርሰናል ትላለች። ሕግ ነውና «የምሥራች» ብላ ጀመረች፤ ቀጥላም «ሁላችንም እናልቃለን» አለች። ዝንጀሮዎቹ ልማድ ሆኖባቸው «ምሥር ብዪ» ካሉ በኋላ ደነገጡ። አንዱ ዝንጀሮ ተነስቶ፣ አምና ጎርፍ መጣ ብለሽ ዛፍ ላይ አውጡኝ ስትዪ የተሸከምሁሽ እኔ ነኝ፣ ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል አላት። ሸንጎው ሳቀ። ከርከሮም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ፤ እውነት መናገሯን በሸለቆው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና።

አንበሳው አልሳቀም። በደግ ፊት ነበር የተናገረው።

«እመት ኤሊ የመሰላትን ተናገረች፤ አልቆጣትም። ግን ንጉሥ የዕድር ጡሩምባ ነፊ አይደለም። እኔ ዛሬ ተነሱ ብል ነገ የሚያርስ፣ የሚወልድ፣ ልጁን የሚያሳድግ ማን ነው? ያን ጊዜ ዝናቡ የመጣው ስለጠበቅነው ነው። ሄደን ቢሆን ኖሮ ማን ላይ ይዘንብ ነበር?»

የሸለቆው አራዊት ማረስ የጀመሩበት ዘመን እንዳልነበረ ማንም አላስተዋለም፤ ንግግሩ እንደዚያ ያማረ ነበር። ለከርከሮም ጥሩ ንግግር መሰለው። ኩሬው ውስጥ ገብቶ በፊት እግሮቹ ቢንበረከክ ውሃው ደረቱን አልደርስ ሲለው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ንግግር ሆነለት። የኋላ እግሮቹንም አጠፈ። ደረቱ ራሰ። የምሥራቹን ተናገረ፣ ምሥሩን በላ።

ኤሊ ይኸን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ማንንም ደህና ሁኑ ሳትል ወደ ትልቁ ወንዝ መንገድ ገባች። እስከ ማታ ድረስ ስትሄድ ትታይ ነበር።

በማግሥቱ እመት ቆርኬ ወደ ከርከሮ ቤት መጣች። ጥጃዋ ከኋላዋ ይከተላል፤ በዚያው ወር የተወለደ፣ እግሩ ከሰውነቱ የረዘመ፣ ሲቆም የሚወዛወዝ ነው። ሁለት ልጆች ቀብራ ያገኘችው ሦስተኛዋ ነው። ከርከሮን ለብቻው ለይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር ያነጋገረችው። የመጣችው ሸንጎውን ሳይሆን እሱን ልትጠይቅ ነው። ኤሊ ያለችው ልቧን ረብሾታል። ጥጃው አሁን ሦስት ቀን መሄድ ይችላል፤ ጡቷ እየነጠፈ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እንጃ። ንጉሡን አልፋ ብቻዋን መሄድም ትፈራለች።

«አያ ከርከሮ፣ እርስዎ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ነዎት» አለችው። «እንደ እህትዎ አድርገው ይንገሩኝ። ልቆይ ወይስ ልሂድ?»

ከርከሮ ጥጃውን አየው። ጥጃው ጆሮውን አወዛወዘለት። ሂጂ ቢላት ወሬው በቀትር ቀበሮ ዘንድ ይደርሳል፤ ከቀበሮ ንጉሡ ዘንድ፤ ከንጉሡ ገደል ሥር ያለችው መሬት ዘንድ። ይኸን ሁሉ ያሰበው እሷ ትንፋሽ እስክትስብ ድረስ ነው። እንዲህ ፈጥኖ ማሰብ መቻሉን ራሱም አያውቅም ነበር።

«ውሃው ደረቴን ነክቷል» አላት።

«ልቆይ ማለትዎ ነው?»

«እንግዲህ ... ነክቷል።»

ቆርኬ ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ብላ፣ መርቃው፣ ጥጃዋን አስከትላ ሄደች። ከርከሮ ምርቃቱን አሜን ማለት አልሆነለትም። ዕፍረት ተሰምቶት ነው እንዳይባል፣ ከሄደች በኋላ ሁለት ሥር በላ።

ሳምንቱ ሲገፋ በሸለቆው አዲስ ልማድ ታየ። ኩሬው ዳር ውሃ ሊጠጣ የሚመጣ ሁሉ እየተንበረከከ መጠጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሚዳቋዎቹ ናቸው ያመጡት። ተንበርክከው ሲጠጡ ውሃው አፍንጫ ድረስ ይመጣል፤ ብዙ ይመስላል። ቆመው ሲጠጡ ግን አንገት ይረዝማል፣ ልብም ይሰጋል። እናቶች ለልጆቻቸው፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ጨዋ ልጅ ቆሞ አይጠጣም ይሏቸው ጀመር። ቀበሮም በሸንጎ ተነስቶ፣ ድርቁ ቢበረታ የሕዝባችን ፈሪሃ እግዚአብሔር ከድርቁ በለጠ፤ ይኸ ሁሉ የአያ ከርከሮ ምሳሌነት ነው አለ። ከርከሮ አንገቱን ደፋ። ለመድፋት የሚሆን አንገት ባይኖረውም።

በሦስተኛው ሰኞ ድንጋይዋ ላይ ጥቅልል ብሎ ተኛ። ውሃው ደረቱን ነካ። ከዚያ ዝቅ የሚባልበት ቦታ ስለሌለ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ጉድጓድ ካልቆፈረ በቀር ሌላ ስግደት አልቀረለትም።

በዚያ ሳምንት ከርከሮ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ረጅም ጸሎት ጸለየ። ሣር በሌለበት ቦታ፣ አፉ ባዶ ሆኖ ነበር የተንበረከከው። «ጌታ ሆይ» አለ፤ «ከዚህ በኋላ አልዋሽም። አሁን ግን የዋሸሁትን እውነት አድርግልኝ። አንድ ዝናብ ብቻ። ለኔ አይደለም፣ ለጥጃዎቹ ነው። ለኔም ትንሽ ነው።» ጸሎቱን ራሱ ሲሰማው ሳቅ መጣበት። ፈጣሪን የውሸቱ ዋስ ሁን ማለቱ ነው። ንጉሡ እንኳ ዝናብ የሚጠብቀው ከተስፋው ነው፤ እኔ ከውሸቴ እየጠበቅሁ በማን ልስቅ ነው አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ ያየው ነበር።

እሑድ ዕለት ወደ ኩሬው ሲወርድ ጭቃው ውስጥ የተነከረ ነገር አየ። የቆርኬ ጥጃ ነው። እንደተማረው ተንበርክኮ ሊጠጣ ገብቶ፣ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መነሳት አቅቶታል። አይጮህም። ጩኸቱን ከተወ ቆይቷል። ከርከሮ በሆዱ ተንሸራቶ ገብቶ፣ በአፍንጫው ከሥር እየገፋ፣ በጭንቅ ወደ ደረቁ አወጣው። ጥጃው እንደቆመ ይወዛወዝ ነበር፤ በፊት እንደነበረው የልጅነት መወዛወዝ አይደለም። ጎድኑ ይቆጠራል። ከርከሮ አጠገቡ ተቀምጦ እናቱ እስክትመጣ ጠበቀ። ስትመጣም እንደገና መረቀችው። 

በአራተኛው ሰኞ ኩሬው ውስጥ ገባና ድንጋይዋ ላይ በአራት እግሩ ቆመ።

ሸንጎው ጠበቀ። እሱም ቆመ። ውሃው ሰኮናውን እንኳ አልሸፈነውም።

አጋፋሪ ቀበሮ በዝግታ፣ አባታችን ጸሎቱን ረሱት መሰለኝ አለ። ከርከሮ አልተንበረከከም። ቀበሮ ቀጠለና፣ እንግዲያስ በመልካም ቃል ይጀምሩ አለው።

«መልካም ቃል የለኝም» አለ ከርከሮ። «እግሬን እዩት።»

 ዝንጀሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ «ምሥር ብላ» የሚባልበት አልነበረም። አንበሳው የከርከሮን እግር አተኩሮ አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«አራተኛ ሰኞው ነው፣ ጌታዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ከርከሮ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው መልስ ነበር፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሸንጎው ሰላም፣ ስለ አጋፋሪው። አንዱም አልመጣለትም።

«ፊትዎ ደስ ብሎት ነበር» አለ። «ሥራ ሥሩም ጣፈጠኝ።»

አንበሳው ይቆጣል ብሎ ሁሉም አንገቱን ሰበረ። አንበሳው ግን ዓይኑን ከከርከሮ እግር ሳያነሳ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ «እኔም ተንበርክኬ ነው የምጠጣው» አለ። «አሥር ቀን ሆነኝ።»

ቀበሮ ወሬው ጥሬ ስለሆነ እንደ ሕጉ ሦስት ቀን ይደር አለ። አንበሳው አየው። ቀበሮ እኔስ ሕጉን ማስታወሴ ነው ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ንጉሡ ዛሬውኑ እንነሳለን አለ። መንገዱን ማን ይምራ ሲባል ሁሉም ወደ ከርከሮ ዞረ። የዋሸን እሱ ነው፣ እውነቱንም እሱ ይሸከመው አሉ። ሹመት ነው ቅጣት ነው ብሎ ቢጠይቅ ማንም አልመለሰለትም። በሸለቆው ሁለቱ ተለይተው አያውቁም ነበር።

በመንገዱ ከርከሮ አዲስ ሰው ሆነ። እውነት መናገር የጀመረ እንደ አዲስ ሰካራም ነው፤ ላገኘው ሁሉ ይቀዳለታል። ገና ረፋዱ ላይ፣ ሁለት ቀን ተኩል ይቀራል፣ ነገ ከዛሬ ይከፋል፣ ወንዙም ራሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል እያለ ከሰልፉ ፊት እስከ ሰልፉ ጫፍ ይመላለስ ነበር። የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነው። ቀትር ላይ ዞር ብሎ ቢያይ ግማሹ ሸለቆ መንገድ ላይ ተኝቷል። ካልደረስን ምን ያለፋናል፣ እዚሁ በክብር እንሙት ይላሉ።

ሚስቱ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ባለፈው በውሸት ልትጨርሰን ነበር» አለችው። «ዛሬ ደግሞ በእውነት ልትጨርሰን ነው?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«የምታየውን ብቻ በላቸው።»

ከርከሮ አካባቢውን አየ። ራቅ ብሎ አንድ ግራር ነበር፤ ሥሩ ጥላ አለ። ወደተኙት ሄዶ፣ ከዚያች ግራር ሥር ጥላ አለ፣ ይኸን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አላቸው። እየተነጫነጩ ተነሱ። ግራሯ ሥር ሲደርሱ ሌላ ግራር ታየ። እንዲህ እያሉ ከጥላ ወደ ጥላ ሄዱ። አንበሳው ከኋላ ሆኖ ሁለት የሚዳቋ ግልገሎች ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነበር፤ ስለ ነገ ምንም አልተናገረም። የከርከሮ ልጆች ግን ከፊት ከፊት ይሮጡ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ያዘለ ሥር በልተዋልና። እየተጫወቱ ሲሮጡ ባያቸው ቁጥር ከርከሮ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሦስተኛዋ ግራር ሥር፣ የቆርኬ ጥጃ አልተነሳም። እናቱ ላሰችው፣ በአፍንጫዋ ገፋችው። ሌሎቹ ፈቀቅ ብለው ጠበቁ። ከርከሮ ቀረበ። ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ መንበርከክም አልደፈረም። ጥጃው ጆሮውን አንዴ አነሳ፤ ከዚያ አላነሳም።

ቆርኬ ብዙ ቆይታ ቀና አለች። አላለቀሰችም።

«በመጀመሪያው ሰኞ ተነስተን ቢሆን ኖሮ ይደርስ ነበር?» አለችው።

ከርከሮ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚል ቃል አፉ ላይ መጣለት። ዋጠው።

«ይደርስ ነበር» አላት።

ብትረግመው ወይም ብትነክሰው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ጥጃዋን በቅጠል ሸፍና፣ ወደ ሰልፉ ገባች። ከዚያ በኋላ ማንንም ምንም አልጠየቀችም፤ መንገዱ ስንት ቀረው፣ ጥላው የት ነው፣ ምንም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ድንጋይ መሰል ነገር ከፊታቸው ሲሄድ አዩ። እመት ኤሊ ናት። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀን ከሌት ተጉዛ እዚያ ደርሳለች። አቧራው ከላይዋ ሲራገፍ ቆም ብላ፣ ዓይኗን አሻሽታ፣ «ተናግሬ ነበር» አለች። ያ ዝንጀሮ፣ መንገዱን ብቻሽን ከምትሄጂ አስረድተሽ ብታስከትዪን ምን ነበረበት አላት። እሷም፣ ማስረዳት የኔ ሥራ አይደለም፣ የኔ ሥራ መናገር ነው አለችው። ከርከሮ ለመፍረድ አፉን ሊከፍት ነበር፤ በማን ላይ እንደሚፈርድ ሲያስበው መልሶ ዘጋው። ዝንጀሮውም እየረገመ ተሸከማት።

ቀትር ሲሆን ከአንድ ጉብታ ሥር ደረሱ። አባትየው አንበሳ እንደተናገረው፣ ከዚህ ጉብታ ማዶ ትልቁ ወንዝ አለ። ወይም ነበረ። ከላይ ነፋስ ይመጣል፤ ነፋሱ ርጥበት የመሰለ ሽታ ይዟል። ሁሉም ከርከሮን ሽታው የምንድነው አሉት፤ በአፍንጫው የታወቀ ነውና። ከርከሮ አሸተተ። የውሃ ሽታ መሰለው። የጭቃም መሰለው። ውሃ እንዲሆንለት ከመመኘቱ የተነሳ አፍንጫው ምኞቱንና ርጥበቱን መለየት አቅቶት ነበር። አላውቅም አለ።

አንበሳው ደከመኝ ሳይል ሁለቱን ግልገሎች በዝግታ ከጀርባው አወረደ።

«ውጣና አይተህ ንገረን» አለው።

ሸንጎው ሁሉ ከጉብታው ሥር ተቀመጠ፤ ልክ ኩሬው ዳር ይቀመጥ እንደነበረው፣ በየማዕረጉ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ከርከሮ ሊወጣ የፊት እግሩን አነሳ። ያን ጊዜ ከኋላ የሰኮና ድምፅ ተሰማ። እመት ቆርኬ ናት። በሸንጎው መካከል፣ በንጉሡ አጠገብ፣ ማንንም ይቅርታ ሳትል አለፈች። ከርከሮ አጠገብ ስትደርስ አላየችውም። እሱም መንገዱን ለቀቀላት።

ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምን ይታያል?» አለ አንበሳው ከታች።

አልዞረችም።

ቀበሮ፣ በሕጉ መሠረት የወጣ ተመልሶ ለሸንጎው ይናገራል አለ። የሰማው አልነበረም። ዝንጀሮዎቹ ከፊቷ እንዳያነቡ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው፤ ነፋሱ የአንገቷን ጠጉር ያርገበግበዋል። ከርከሮም ይናገር ዘንድ ሁለት ሦስት ዓይን ወደሱ ዞሮ ነበር።  እሱ ግን ለማንም ሳይናገር፣ እሷ በሄደችበት ዱካ መውጣት ጀመረ። ሚስቱ ተከተለችው። ልጆቹም።

አንበሳው የሚነግረውን ሲጠብቅ ቆየ። ከላይ የሚወርድ ድምፅ አልነበረም። ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በራሱ ዓይን ሊያይ የፊት እግሩን ዳገቱ ላይ አሳረፈ።